ከሞተ በኋላ ያረጀው ወንድሜ

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6
ኦገስት 2016

ውድ ወንድሜ ደጀን፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። ከሞተ አራት ዓመት ያለፈውን ሰው «እንዴት ነህ?» ማለት ለሚሰማ ሁሉ የእብድ ወሬ ነው። እኔ ግን ከቀብርህ በኋላ በየጠዋቱ ጓንት አጥልቄ እንዴት እንዳደርክ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝና ልማዱ አልለቀቀኝም። እንዴት ነህ፣ ደጄ?

የምጽፍልህ ከእማ ሱቅ ጀርባ ካለችው ክፍል ሆኜ ነው። ቀትር ነው። ጫቱ ገብቶ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ከተከተተ ቆይቷል፤ ኸምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ መስኮቱን በአሸዋ ያሸዋል። እዚህ ከተማ ሰው የሚፈራው ሌሊትን እንዳልሆነ ታውቃለህ። ሌሊት ሁሉም ደጅ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ሴቶች ምንጣፍ ዘርግተው ያወራሉ። የሚያስፈራው ይህ ሰዓት ነው፤ መንገዱ ነጭ ሆኖ፣ ውሾቹ ሳይቀሩ ጠፍተው፣ የገዛ ጥላህ እግርህ ሥር ሲገባ።

እማ ፊት ለፊቴ አልጋው ላይ ጋደም ብላለች። ዛሬ ጠዋት አንድ ነገር ወስናለች። ውሳኔው ስለ አንተ ስለሆነ ማወቅ ይገባሃል። እሱን ለመንገር ግን ከመጀመሪያው መነሳት አለብኝ፤ ከሞትክ በኋላ ምን ምን እንዳደረግክ አታውቅምና።

ግራ እግርህ ከቀረው ሰውነትህ ጋር ተስማምቶ አያውቅም። ከተወለድክ ጀምሮ ወፈር ያለ ነበር ትላለች እማ። አንተ ስትረዝም እሱ ወፈረ፤ አንተ ማደግህን ስታቆም እሱ ቀጠለ። አባባ ሀይለየሱስ በሕይወት ሳለ ከባቡር ጥገናው የተረፈ ቆዳ እያመጣ ለግራህ ለብቻው ጫማ ያሰፋልህ ነበር። በመንገድ ስታልፍ ሳናይህ እናውቅሃለን። ከባዱ እግር ድም ይላል፣ ቀጥሎ ቀላሉ ይሸረተታል። ድም፣ ሸርር። ድም፣ ሸርር። የሠፈሩ የሶማሌ ልጆች ድምፁን ሲሰሙ «ዋርያ፣ ደጀን መጣ!» እያሉ የተሰበረ መጫወቻቸውን ይዘው ይሮጡ ነበር።

ስልክና ራዲዮ የምትጠግንባት ያቺ ጠባብ ሱቅህ የመንገደኛ ማረፊያ ነበረች። ወደ ኦቦክ ወደብ ወርደው፣ ባሕር ተሻግረው የመን ለመግባት የሚጠብቁት የአገራችን ልጆች ስልካቸውን አንተ ጋ ቻርጅ ያደርጋሉ፤ ወደ ቤታቸው የሚደውሉት ከአንተ በር ላይ ነው። ማንንም መልሰህ አታውቅም።

ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ ባዮሎጂ ስማር ለሕክምና መጥተህ አብረን የከረምንበትን ወር አስታውስ። ሐኪሞቹ እግሩን መቁረጥም ማሳነስም አደገኛ ነው አሉን፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የበሽታውን ስም ነገሩን። እርግማን እንዳልሆነ፣ ከአባባም ከእማም እንዳልወረስከው፣ ገና በማሕፀን ሳለህ በአንዲት ሴል የዘረመል ጽሑፍ ውስጥ አንድ ፊደል ተሳስቶ እንደተጻፈ አስረዱን። ከዚያ ለምርምር ከቆዳህ ትንሽ ቁራጭ ይውሰዱ እንደሆነ ጠየቁህ፤ እምቢ ማለት መብትህ ነው አሉህ።

አንተ ሳቅክ። «ከዚህ እግር የፈለጋችሁትን ያህል ውሰዱ፣ ትርፍ ነው» አልካቸው በፈረንሳይኛ። ወደ እኔ ዞር ብለህ ደግሞ በአማርኛ፣ «እኔ ባልቀር እሱ አውሮፓ ይቅር። ቪዛ የሚጠይቀው የለም» አልክ። አክለህም «እህቴ ይህንኑ ትምህርት ነው የምትማረው፣ አንድ ቀን እሷ ትየው» አልካቸው፤ ፈቃድህ ላይ ጻፉት።

በዓመቱ አንድ ጠዋት ሱቅህን ልትከፍት ስትሄድ ወደቅክ። ከእግርህ የተነሳ የረጋ ደም ሳንባህን ዘጋው። እኔ አውሮፕላን እስካገኝ ቀብርህ አልቆ ነበር። ሬሳህን ስላላየሁ ይሁን አላውቅም፣ መሞትህ ለእኔ ሁልጊዜ እንደ ወሬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ሆላንድ የገባሁት። «የዶክትሬት ሥልጠና መረብ» ይሉታል፤ በየአገሩ ያሉ ቤተ ሙከራዎች ተባብረው ወጣቶችን በአንድ ጉዳይ ላይ የሚያሠለጥኑበት ነው። ጉዳዩ ይህ ነው፤ ሴል «እደግ» የሚለውን ትእዛዝ እንዴት ይሰማል? «በቃህ» የሚለውንስ? ምግብ ሲኖርና ሰውነት ሲፈልግ ትእዛዙ ይበራል፣ ሲበቃ ይጠፋል። የማይጠፋበት ሰው ሲኖር እምብዛም የማይታዩ በሽታዎች ይመጣሉ። አንዱ ባልደረባችን በሕፃናት አንጎል ውስጥ ስለሚያድግ እባጭ ያጠና ነበር፤ አንዷ በሴቶች ሳንባ ላይ ስለሚመጣ በሽታ። ለእኔ የደረሰኝ የአንተው ነው፤ አንዱ የአካል ክፍል ያለልክ የሚያድግበት።

ሊዮን ላይ የተወሰደው ቆዳህ በመረቡ በኩል እዚያ ደርሶ ነበር። ስም የለህም፤ ቁጥር ነህ። አስተማሪዬ ፕሮፌሰር ማርግሬት ግን የሰጠኸውን ፈቃድ ታውቀዋለችና አንድ ቀን በር ዘግታ፣ «ጥበብ፣ ሌላ ሰው ይያዘው? ማንም ቅር አይለውም» አለችኝ።

«እኔ እይዘዋለሁ» አልኳት። የማላውቀው ሰው እጅ እንዲነካህ አልፈለግሁም።

እዚህ ላይ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። ፈራሁህ። ከቆዳህ የወጡት ሴሎች በሳህን ላይ በሕይወት የሚያድጉበት ሳጥን ሙቀት የሰው ሰውነት ሙቀት ነው። በሩን ስከፍተው ፊቴን የሚነካኝ አየር እርጥብና ለብ ያለ ነው፤ አንድ ሰው ቀርቦ እንደሚተነፍስ። ውጭው በረዶ ሆኖ፣ እጄ በብርድ ደንዝዞ፣ ያ ትንፋሽ ሲመጣብኝ በሩን መልሼ ዘግቼ የቆምኩባቸው ጠዋቶች አሉ። ልብስህ ለድሃ ተሰጥቷል፣ ስልክ ቁጥርህ ለሌላ ሰው ተላልፏል፣ አንተ ግን ከሳህኑ ሥር ተጣብቀህ ትበላለህ፤ ከአዳር አዳር ትበዛለህ።

ያኔ የምንሠራው አንዱ ነገር ፊልም ነበር። ካሜራው በማይክሮስኮፕ እያየ ቀኑን ሙሉ ፎቶ ያነሳል፤ ፎቶዎቹን ስናያይዛቸው የአንድ ቀን እንቅስቃሴ በጥቂት ጊዜ ይታያል። ሴሎችህ ረዣዥም ነበሩ፣ እንደ ዓሣ ሾጠጥ ያሉ። ይሳባሉ፣ ይነካካሉ፣ ይገፋፋሉ። አንዱ ይሰበሰብና ክብ ይሆናል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ሁለት ሆኖ ይነሳል። ቦታ ሲያልቅባቸውም አያቆሙም። የጤነኛ ሰው ሴሎች ጎረቤት ሲነኩ ይረጋሉ፤ የአንተዎቹ ግን እርስ በርስ እየተደራረቡ ቀጠሉ።

በ2014 ለክረምት ስመጣ ያንን ፊልም ለእማ አሳየኋት። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ መነጽሯን አጥልቃ ብዙ አየች።

«ይንቀሳቀሳል» አለች።

«አዎ እማ። ቆዳው ነው። ሰውየው አይደለም።»

«በሕይወት አለ ወይስ የለም?»

«ሴሎቹ አሉ። እሱ የለም።»

«ምን ይበላል?»

ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀሁም ነበር። ከጥጃ ደም የሚወጣ ውሃ መሰል ነገር ቀላቅለን እንደምንሰጣቸው ነገርኳት። ላፕቶፑን ቀስ ብላ ከደነችው።

«በጾምም?»

«እማ፣ እሱ እኮ...»

«በሁዳዴም የጥጃ ደም ይበላል? ደጀን?»

በማግስቱ ወደ ቄስ ዘውዱ ሄደች፤ ተከተልኳት። ቄሱ የአንተ ንስሐ አባት ስለነበሩ ነገሩን በጥሞና ሰሙ። ጺማቸውን እየነካኩ ቆዩና፣ «ወርቅነሽ፣ ጸጉሩ ሲላጭ፣ ጥፍሩ ሲቆረጥ ነፍሱ አብራ ትቆረጥ ነበር? ይህም እንደዚያ ነው። ነፍሱ ወደ ጌታው ሄዳለች» አሏት።

«አባ፣ ጥፍር አይበላም» አለቻቸው።

እቤት ስንገባ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። «እኔ እብድ አይደለሁም፣ ጥበቤ። ከሞተ ጀምሮ በቀትር ጋደም ስል ሲራመድ እሰማዋለሁ። ከውጭ በግድግዳው ጥግ ያልፋል፤ በሩ ጋ ይቆማል፤ ይመለሳል። ተዝካሩን አወጣሁ፣ አልተወም። ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ልጄ ግማሹ አልተቀበረም። አምጪልኝና እንቅበረው።»

አልተከራከርኳትም። ሥራዬ ሁሉ አንተ ላይ እንደሆነ፣ ካንተ የምናገኘው መልስ ለሌላ ታማሚ እንደሚተርፍ ልነግራት ጀመርኩና ተውኩት። ለእናት ሌላ ታማሚ ማን ነው?

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀኖች ከእሷ ጋር ጋደም እያልኩ አዳመጥኩ። ነገሩን ለማጥፋት ነበር ዓላማዬ፤ ድመት ነው፣ የተላቀቀ ቆርቆሮ ነው ለማለት። መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ቆሞ ነበር። ላብ አንገቴ ላይ ይወርዳል። ሠፈሩ ጭር ብሏል። ያኔ ሰማሁት፣ ደጄ። ከግድግዳው ማዶ፣ ከአሸዋው ላይ። ድም፣ ሸርር። ድም፣ ሸርር። እማን ሳያት ዓይኗ ተከፍቶ ጣሪያውን ታያለች። ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ፣ «ሰማሽ?» አለችኝ። ድምፁ በሩ ጋ ደረሰና ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ርቆ ሄደ።

በሌላ ቀን በዚያው ሰዓት ዳግመኛ መጣ። በዚህኛው ግን በሩ ተንኳኳ።

እማ ናት የተነሳችው። ባዶ እግሯን ሄዳ መቀርቀሪያውን ሳበችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ነጩ ብርሃን ዓይኔን አጠፋው። በብርሃኑ ውስጥ አንድ ሰው ቆሟል። እማ ፊቱን አላየችም፤ አንገቷን ደፍታ እግሩን ነው ያየችው። ግራው እግር በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ የቀኙን እጥፍ ያህላል። እማ አንድ ድምፅ አወጣች፤ ጩኸትም ልቅሶም ያልሆነ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼው አላውቅም።

«እማማ፣ ይቅርታ፤ እዚህ ቤት ደጀን የሚባል ሰው አለ ወይ?» አለ ሰውየው፤ ድምፁ የሴት ነበር።

ወጣት ሴት ናት። ፊቷን በሻርፕ ሸፍናለች። ስሟ አበሩ፤ ከወሎ ነው የመጣችው፤ ያረፈችው ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ከሌሎች መንገደኞች ጋር ነው። አስገብተን ውሃ ሰጠናት። ጎንበስ ብላ ጠጣች።

«ከሳውዲ የተመለሰ ያገሬ ልጅ ነው የነገረኝ» አለች። «ጅቡቲ እንዳንቺ ያለ እግር ያለው ሰው አለ፣ ሰው አይመልስም አለኝ። እንዳንቺ ያለ ብሎ የነገረኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። በዓለም ላይ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። የመን ከመሻገሬ በፊት አንድ ጊዜ ልየው ብዬ ነው።»

«ደጀን ሞቷል» አልኳት።

«ሙሉ በሙሉ አይደለም» አለች እማ።

አበሩ አንዴ እኔን አንዴ እማን አየች። ከዚያ ሰሞኑን በቀትር እየመጣች በሩ ላይ ቆማ፣ ለማንኳኳት አፍራ ስትመለስ እንደነበር ነገረችን። ሰው እግሯን ሲያይ ስለማትወድ የምትሄደው ሰው በሌለበት ሰዓት ነው። «አየሽ እማ? እሷ ነበረች እኮ!» አልኩ።

እማ ኩባያውን ከአበሩ እጅ እየተቀበለች፣ «የሰሞኑስ እሷ ትሁን። የሁለት ዓመቱስ?» አለችኝ።



አበሩን ራስ ዲካ ሠፈር ወዳለው ወደ ዶክተር አብዱላሂ ክሊኒክ ወሰድኳት፤ አንተን ያክም የነበረው ያው ዶክተር አብዱላሂ። እግሯን ሲያይ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሳ። «ወላሂ፣ ይህን እግር አውቀዋለሁ» አለ በፈረንሳይኛ። ሆላንድ ካለችው ከማርግሬት ጋር በስልክ ተነጋገርን፤ ቆዳዋን ለመውሰድ ፈቃዱ ተገኘ፤ ለአበሩ ሁሉንም በአማርኛ አስረዳኋት። ምን እንደሚወሰድ፣ የት እንደሚሄድ፣ ምን ዓይነት ሰዎች እንደሚያዩት፣ እምቢ ብትል ማንም እንደማይቆጣት። የአንተንም ነገር ነገርኳት።

ብዙ አሰበች። ከዚያ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከእሱ አጠገብ ታስቀምጪኛለሽ?»

«አስቀምጥሻለሁ» አልኳት።

አስቀመጥኳት። አንድ መደርደሪያ ላይ፣ ጎን ለጎን፣ አንተ የሞትክ እሷ በሕይወት ያለች፣ ሳጥኑ ግን ሁለታችሁንም እኩል ያሞቃል። ምርመራው ሲወጣ የተሳሳተው ፊደል አንድ ዓይነት ነበር፤ ያው ፊደል፣ ያው ቦታ ላይ። ዝምድና የላችሁም፤ እንዲህ ያለ ስሕተት አንዳንድ ቦታ ላይ መደጋገም እንደሚወድ በትምህርት አውቃለሁ። ሆኖም ወረቀቱን መልሼ መላልሼ አነበብኩት።

ከዚያ መድኃኒቱን ሞከርን። ኩላሊት ለተተከለላቸው ሰዎች የሚሰጥ የቆየ መድኃኒት ነው፤ «እደግ» የሚለውን ትእዛዝ መሐል መንገድ ላይ ያዳክመዋል። መጀመሪያ ለአንተ ሰጠንህ። በማግስቱ ሳጥኑን ስከፍት ለመጀመሪያ ጊዜ አልበዛህም ነበር። በቀጣዩም ቀን። በፊልሙ ላይ ሴሎችህ ቀጭን ሆነው፣ ተራርቀው፣ ረግተው ይታያሉ፤ ዕድሜ ልኩን ሲጮህበት የኖረ ድምፅ ዝም ያለለት ሰው ይመስላሉ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከሞትክ በኋላ እግርህ ማደጉን አቆመ።

የመረቡ ሰዎች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ይህን ሳቀርብ አንድ ሐኪም እጁን አወጣና፣ «ግሩም ነው። ይህ ታካሚ አሁን በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። አዳራሹ ይጠብቃል። ማርግሬት ናት ከፊተኛው ረድፍ ተነስታ፣ «በሕይወት የለም» ያለችልኝ። ከኋላዬ፣ ፊልሙ በሚታይበት ሸራ ላይ ግን አንተ ትንቀሳቀስ ነበር።

አበሩ የመን አልሄደችም። ዓመት ሳይሞላ እዚያ ጦርነት ተነሳና ጀልባዎቹ ስደተኛ ጭነው ወደዚህ መመለስ ጀመሩ። እማ ከባቡር ጣቢያው ወስዳ እቤት አስገባቻት። የበርበሬና የሽሮ ሱቋን አብረው ይሠራሉ። ዶክተር አብዱላሂ ከእኛ ሰዎች ጋር ተማክሮ መድኃኒቱን ጀመረላት፤ ደሟን እየመረመረ በጥቂት በጥቂቱ። ቀላል አልነበረም። አፏ በቁስል ተሞልቶ ምግብ ያቃጥላት ነበር፤ «ይቅርብኝ» ብላ የተወችበት ጊዜም አለ። እማ ናት ሽሮውን አቀዝቅዛ በማንኪያ እያጎረሰች የመለሰቻት። እግሯ የጤነኛ እግር አልሆነም። ግን ማደጉ ቆሟል፤ እብጠቱ ጎድሏል፤ የሚደማው ቦታ ደርቋል። አሁን በቀትር ሳይሆን በጠዋት ገበያ ትሄዳለች።

አንተ ግን ተለወጥክ። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ በማይክሮስኮፕ ሳይህ እነዚያ ዓሣ የመሰሉት ሴሎች ጠፍጣፋ ሆነዋል፤ ተንጣለው፣ ሰፍተው፣ ጠርዛቸው ተሸብሽቧል። መድኃኒት አልነበረባቸውም። ምግብ ቀየርኩ፣ ሳህን ቀየርኩ፤ አልተከፈሉም። ማርግሬት መጥታ በትከሻዬ ላይ አየችና፣ «አርጅተዋል ጥበብ። የሰው ቆዳ ሴል መጨረሻ አለው፤ የተሰጠውን ያህል ይከፈልና ይቆማል» አለችኝ።

ያን ዕለት ለእማ ደወልኩላት። እንዴት እንደምነግራት አላወቅሁም፤ ቃሉ እንዳለ ወጣ። «እማ፣ ደጀን አረጀ።»

ስልኩ ውስጥ የበርበሬ ወፍጮ ይጮሃል። «ምን አልሽ?»

«ሴሎቹ አረጁ። እንደ ሽማግሌ ሰው። ከእንግዲህ አይበዙም።»

ወፍጮውን አስቆመች። ከዚያ እንዲህ አለች፤ «ልጄ ሸመገለ? ሠላሳ ሳይሞላው የቀበርኩት ልጄ፣ አርጅቶ? እሰይ። እሰይ ልጄ።» ታለቅስ ነበር፤ ግን በሠርግ ላይ የሚለቀሰውን ዓይነት።

የመጨረሻውን ሳህንህን ራሴ አደረቅሁት። በመስታወት ላይ፣ በሐምራዊ ቀለም ነክሬ። በዚህ ክረምት ይዤህ መጣሁ። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት እማ፣ አበሩ፣ ቄስ ዘውዱና እኔ ወደ መካነ መቃብሩ ሄድን። እማ መስታወቱን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋ ሐምራዊውን ነጠብጣብ አየች፤ «አባቱን መሰለ» አለች፤ ምን አይታ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ በራስጌህ በኩል አፈሩ ውስጥ አስገባችው። ቄስ ዘውዱ ፍትሐት ሁለት ጊዜ አይደረግም ብለው አቡነ ዘበሰማያት ብቻ ደገሙ። አበሩ ከእኛ ትንሽ ራቅ ብላ በአንድ እግሯ ላይ ተደግፋ ቆማ ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ትናንት ግን ከማርግሬት መልእክት መጣ። የመረቡ ጊዜ እያለቀ ነው፤ ማቀዝቀዣዎቹ ሲፈተሹ የአንተ ሴሎች ያሉበት አንድ ብልቃጥ ተገኝቷል። ቆዳህ መጀመሪያ ሲደርስ፣ ገና ሳያረጅ የተቀመጠ ነው። በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ፣ ከበረዶ ሁሉ በከፋ ብርድ። ይጥፋ ወይስ ይቀመጥ፣ ቤተሰብ ይወስን አለችን።

ዛሬ ጠዋት ለእማ ነገርኳት። ወንፊቱን አስቀመጠች።

«ሞቷል ወይስ ተኝቷል?»

«ሁለቱም አይደለም። ጊዜ አያልፍበትም።»

«ይርበዋል?»

«አይርበውም።»

«ይሰማዋል?»

«አይሰማውም፣ እማ።»

«ካሞቃችሁትስ?»

ልዋሻት አልቻልኩም። «ይነሳል» አልኳት።

በመጋረጃው ክፍተት አበሩ ለአንድ የከባድ መኪና ሾፌር በርበሬ ስትመዝን ትታያለች፤ ሾፌሩ አንድ ነገር ብሏት ትስቃለች። እማ እሷን እያየች፣ «ይቀመጥ» አለች። «ለጨዋታ አትቀስቅሱት፤ ለማየት ብላችሁ አትቀስቅሱት። እንደዚህች ያለች ቸግሯት ስትመጣ ግን ቀስቅሱት፤ ቅር አይለውም። አንድ ነገር ብቻ፤ ቀድመሽ ንገሪው። ያን ጊዜ አንቺም እኔም ላንኖር እንችላለን። ነቅቶ የማያውቀውን ሰው ብቻ ቢያይ ይደነግጣል። ጻፊለት።»

ሳይንሱን አውቀዋለሁ። ቆዳ አያነብም፤ ቆዳ አይደነግጥም። ቢሆንም ብዕር አነሳሁ፤ እናታችን ከብልቃጡ ጋር እንዲቀመጥ የምትፈልገው ወረቀት ይኸው ነው። ማርግሬት ትስቅብኝ እንደሆነ አላውቅም፤ የምትስቅ አይመስለኝም።

ደጄ፣ አንድ ቀን ድንገት ሙቀት ቢመጣብህ፣ የማታውቀው እጅ ቢነካህ፣ በማታውቀው ቋንቋ በላይህ ቢነጋገሩ፣ አትደንግጥ። ምንም አላጠፋህም፤ የትም አልወሰዱህም። በሩ ላይ የቆመ ሰው አለ ማለት ነው። ክፈትለት።

እህትህ
ጥበብ ሀይለየሱስ